የአክስቴ የንጋት አቧራ

ሌላው ሰው ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ስልኩን የሚያነሳው ማን ምን ለጠፈ ብሎ ነው። እኔ የማነሳው አየሩ እንዴት አደረ ብዬ ነው። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ፎቅ ላይ በተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ከአዳማ እስከ ባቱ በየከተማውና በየማሳው የተከልናቸው ሳጥኖች የላኩትን አያለሁ። አከራዬ በር ላይ ስታገኘኝ፣ ዳዊትሽን ደግመሽ ጨረስሽ ወይ ትለኛለች፤ ስልኩን ማለቷ ነው። አልቀየማትም። እውነትም የምደግመው ነገር አለኝ።

ስልኬ ላይ ለእያንዳንዱ ሳጥን ሁለት መስመር አለ። ቡናማው አቧራ ነው። አረንጓዴው በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ የአበባ ብናኝ፣ የሻጋታ ዘር፣ ዓይን የማያየው ፍጥረት ሁሉ። ሳጥኑ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ፓምፕ አለው፤ አየር ይስባል። የተሳበው አየር በቀጭን የሌዘር ብርሃን ፊት ያልፋል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ስታልፍ ብርሃኑን ትበትነዋለች፣ ከአበታተኑም መጠኗ ይታወቃል። ቀጥሎ ሌላ፣ ለእኛ ዓይን የማይታይ ብርሃን ያርፍባታል። ሕይወት ያላት ከሆነች መልሳ ትፈካለች፤ አፈር ከሆነች ዝም ትላለች። ለገበሬዎች ሳስረዳ ድመትን ነው የምጠራው። በባትሪ ድንጋይ ላይ ቢያበሩ ምንም የለም፣ ድመት ላይ ቢያበሩ ግን ዓይኗ ይታያል እላቸዋለሁ። መቼም አንዱ ተነስቶ፣ ድመቷ የማን እንደሆነችስ ይናገራል ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አይናገርም። ሕያው መሆኑን ይነግረናል እንጂ ምን እንደሆነ አያውቅም። ምንነቱን ለማወቅ ማጥመድ ያስፈልጋል። አረንጓዴው መስመር ከፍ ሲል ቫዝሊን የተቀባ መስታወት አጠገቡ እናስቀምጥና የተጣበቀውን በማይክሮስኮፕ እናያለን።

በአንድ የአየር ጥናት ፕሮጀክት ውስጥ ሥራዬ እነዚህን ሳጥኖች መትከል፣ ማጽዳትና መጠበቅ ነው። ለእኔ የተፈጠረ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ዛሬ መቂ፣ ነገ ባቱ፣ ከነገ ወዲያ ሞጆ። አንድ ቦታ ሁለት ቀን ከዋልኩ እግሬን ይበላኛል። ወላጆቼ የሸንኮራ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሥራ በተገኘበት ከወንጂ መተሐራ፣ ከመተሐራ ወንጂ ሲመላለሱ ነው ያደግኩት። ለትምህርት ስደርስ ይህ ሁሉ መንከራተት ልጅቷን ያበላሻታል ብለው ዓለም ጤና ለምትኖረው ለአባቴ እህት ሰጡኝ። መንከራተቱ ግን አስቀድሞ ደሜ ውስጥ ገብቷል መሰለኝ። አክስቴ ገበታ ላይ ስቁነጠነጥ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ ትለኝ ነበር። ዕቃ በሰበርኩ ቁጥርም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ትልና ስባሪውን ራሷ ትለቅማለች።

እሷ ከቦታዋ ንቅንቅ የማትል ሴት ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ሁለት ክፍል ቤት፣ ሰፊ ደጅ፣ ከደጁ ቀጥሎ ሽንኩርት የምታለማበት ማሳ አላት። ባሏ ካለፈ ወዲህ ማሳውን ያቆመችው እሷ ናት። ውሃውን በሞተር እያሳበች፣ መደቡን ራሷ እያቀናች፣ ጉልበት ሲያንሳት ሰው እየቀጠረች። አንድ ልጅ አላት፤ አይሱዙ ይነዳል። ከዓለም ጤናና ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ አዲስ አበባ ያደርሳል፤ ቤተሰቡ አዳማ ነው።

ባለፈው ዓመት ነው ችግሩ የመጣው። መርጫውን በጀርባዋ አዝላ ስትረጭ ነፋሱ መድኃኒቱን መልሶ ፊቷ ላይ ደፋባት። ደረቷ ድሮም ያፏጫል፤ የዚያን ቀን ግን ትንፋሽ አጥሯት ወደቀች። ልጇ በአይሱዙው ጋቢና አስተኝቶ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ሐኪሙ ከእንግዲህ መድኃኒት በሚረጭበት ድርሽ እንዳይሉ አላት። ያ አካባቢ ደግሞ ሽንኩርት ያለ ርጭት የማይታሰብበት ነው። ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይረጫል፤ በሽታ ኖረም አልኖረም፣ ለማንኛውም ብሎ ይረጫል።

ልጇ ክፉ ሰው አይደለም። እናቱን እንደዚያ ሆና ካየ በኋላ ፈራ። መሬቱን ለቲማቲም ተከራይ እንስጠውና አዳማ መጥተሽ ከልጅ ልጆችሽ ጋር ኑሪ አላት። እሷ ደግሞ፣ ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም አለችው። ሁለቱ ሲነታረኩ መሃል የገባሁት እኔ ነኝ። ከሳጥኖቹ አንዱን ማሳዋ ዳር እንትከለው፣ አየሩ ላይ የበሽታ ዘር ሲታይ ብቻ ይረጭ፣ እሷም በዚያ ቀን ዘወር ትበል አልኩ። ልጇ ብዙ ካሰበ በኋላ ተስማማ፤ ነገር ግን ውል ይሁን አለ። ጎረቤቷ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ተጠሩ። እሳቸው ኦሮሞ ናቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያፈራረቁ ሁለቱንም አስማሏቸው። ይህ የመስኖ ሽንኩርት ከተሳካ ልጅየው የመሬቱን ነገር ዳግም ላያነሳ፤ ካልተሳካ ደግሞ እሷ መሬቱን አከራይታ አዳማ ልትገባ። አክስቴ ቃሌ ነው አለች። በሳጥኑ ላይ የተጣለው እንግዲህ ይህ ሁሉ ነበር።

ሳጥኑን በአጥሩና በማሳው መካከል፣ ወገብ በሚደርስ የብረት ማቆሚያ ላይ ተከልነው። አብሮኝ የመጣው አለቃዬ፣ እናቴ ይህ ዕቃ ውድ ነው፣ እንደ ዓይንዎ ይጠብቁልን አላት። እሷም እንደ ዓይኔ አለች።

ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር አስተዋልኩ። ገና ጎህ ሲቀድ የዓለም ጤናው ቡናማ መስመር ጉብ ይላል፤ ይወርዳል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጉብ ይላል። እንደ ግመል ሻኛ ሳይሆን እንደ ሁለት ትንንሽ የጤፍ ክምር። መጀመሪያ ነፋስ መሰለኝ። ነፋስ ግን ሰዓት አያከብርም። ከዚያ ገባኝና ብቻዬን ሳቅሁ። አክስቴ ደጅ እየጠረገች ነው። ውሃ ረጨት ረጨት አድርጋ ግቢውን ትጠርጋለች፤ ከዚያ መጥረጊያዋን ይዛ ትወጣና ከጎረቤቷ ሽማግሌ ጋር እንደምን አደሩ ትባባላለች፤ ከዚያ የበሩን ፊት ትጠርጋለች። በልጅነቴ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የመጥረጊያዋ ድምፅ ነበር። አሁን ደግሞ አዳማ ተኝቼ አቧራዋን አያለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱን ጉብታ ሳላይ ሻይ አልጠጣም፤ በስልክ እንዴት አደርሽ ብላት እንኳ እንደዚያ አያረካኝም ነበር። ነገሩን ግን አልነገርኳትም። የምትታይ ስለሚመስላት ታፍራለች ብዬ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ጉብታዎቹ ጠፉ።

የዚያን ጠዋት ሻይ አላፈላሁም። ወዲያው ደወልኩላት። ደህና ነኝ፣ ደጄንም ጠርጌአለሁ፣ ምነው በጠዋቱ አለችኝ። ደህንነቷን ሰማሁና ትንሽ በረደልኝ። በማግስቱም ጉብታው የለም። በሦስተኛውም። መስመሩ በቀጭኑ ተኝቷል፤ አረንጓዴውም እንደዚያው። አለቃዬን ጠየቅኩት። ፓምፑ ይሠራል፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ አየሩ ጸድቶ ይሆናል፣ አንቺ ደግሞ ሲጸዳም ሲቆሽሽም መጨነቅ ነው አለኝ። ልጨቃጨቀው ፈልጌ ተውኩት። ለአክስቴ ደውዬ ነገ እመጣለሁ አልኳት፤ ሳልነግራት ከሄድኩ ባዶ ቤት ታዋርጂኛለሽ ብላ ስለምትቆጣ ሁሌም አስቀድሜ ነው የምደውለው። ሄድኩ፤ ሳጥኑ ቦታው ላይ ንጹሕ ሆኖ ቆሟል። ከፈትኩት፣ ሌንሱን ጠረግኩት፣ በእጄ አፈር አንስቼ አጠገቡ በተንኩ። ቡናማው መስመር ዓይኔ እያየ ዘለለ። እንከን የለውም። የአክስቴን ወጥ በልቼ፣ ተመርቄ፣ ወደ አዳማ ተመለስኩ። በማግስቱ ንጋት ላይ መስመሩ ተኝቷል።

እንዲህ ያለ ነገር እኔን ያሳብደኛል። ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዝዤ ሳልጠጣው እወጣለሁ። ሽቦው ይሆን፣ ሲም ካርዱ ይሆን፣ ውሽንፍር ይሆን እያልኩ ክፍሌ ውስጥ ስንጎራደድ አከራዬ ከታች በመጥረጊያ እጀታ ጣሪያዋን ትመታብኛለች። ሌሎቹን ሳጥኖች ለማየት መንገድ ላይ ስሆንም ሐሳቤ እዚያው ነው።

የካቲት ላይ ሰማዩ ያለ ወትሮው ደመነ። ካፊያም ጣለ። ጤዛው ፀሐይ እስኪከርር ቅጠል ላይ ይቆያል፤ የሽንኩርት በሽታ የሚወደው ይህንን ነው። የመቂው ሳጥን አረንጓዴ መስመር መውጣት ጀመረ፤ የባቱውም ተከተለ። መቂ መስታወት አስቀመጥን፣ በማይክሮስኮፕ ስናየው የሽንኩርት ቅጠል ላይ የሚወርደው በሽታ ዘር ሆኖ ተገኘ። ገበሬው ቅጠል የሚያበላሸውን ሁሉ ዋግ ነው የሚለው፤ ዋግ መጣ ተባለና መርጫ ያለው ሁሉ ተነሳ። ዓለም ጤና ግን ዝም። እንደ ገዳም ዝም።

አክስቴ ኮርታለች። የእኔ ሳጥን ምንም አላለም እያለች ለጎረቤት ታወራለች አሉ። ለማንኛውም አስረጪ ብዬ ደወልኩላት።

"አንቺ አይደለሽም እንዴ እሱ ሲናገር ብቻ ያልሽኝ?" አለችኝ። "እኔ እሱን አምኛለሁ። አንቺስ አታምኚውም?"

ይባስ ብሎ ሽማግሌውም የእሷን ሳጥን ዝምታ አምነው ርጭታቸውን አቆይተዋል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቆመ። እሷ በየቀኑ እጠርጋለሁ ትላለች፤ ሳጥኑ ደግሞ አቧራ የለም ይላል። ወይ እሷ አልጠረገችም፣ ወይ ሳጥኑ አላየም። አክስቴ ዋሽታኝ አታውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አልኩና፣ በማግስቱ ጠዋት ሳልደውልላት መናኸሪያ ሄድኩ።

አባዱላው ሰው እስኪሞላ ከመቀመጫዬ ሦስት አራት ጊዜ ተነሳሁ። ሞጆ ላይ ወርጄ ሌላ መኪና ያዝኩ። ቆቃን ስናልፍ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ፣ እህቴ ወንበሩን ልትፈቺው ነው አለችኝ፤ እግሬን ሳንቀጠቅጥ እሷም አብራ እየተንቀጠቀጠች ኖሯል። ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያም ያንኑ ቀጠልኩ። በመስኮቱ አንዳንዱ ማሳ ላይ ሰዎች መርጫ አዝለው ይታያሉ።

ግቢው በር ላይ ስደርስ አክስቴ የለችም፤ ከማሳው ማዶ ጎንበስ ብላ አረም ትነቅላለች። ሳጥኑ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ዳንቴል ለብሷል።

የማውቀው ዳንቴል ነው። ራሷ በኪሮሽ የሠራችው፣ ዙሪያው ጽጌረዳ፣ ልጅ ሆኜ ቴሌቪዥኑ ላይ ይደረግ የነበረው። ቴሌቪዥኑ እንግዳ ሲመጣ ይገለጥና እንግዳው ሲሄድ ይሸፈናል። በቤታችን ውድ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያዘው፤ ሬዲዮኑም፣ የስኳር ዕቃውም። በአገራችን የስንቱ ቤት ሬዲዮ ዳንቴሉን እንደለበሰ አርጅቷል። እና ይኸው የእኛ ሳጥን፣ አየር መሳቢያ አፉ ላይ ዳንቴሉ ሁለት እጥፍ ሆኖ፣ እንዳይወድቅም በመርፌ ቁልፍ ተይዞ።

አየችኝ። ሣሩን ጥላ እየሮጠች መጣች፤ ሳትነግሪኝ፣ ሳትነግሪኝ እያለች። ከመሳሟ በፊት መርፌ ቁልፉን ፈታ ዳንቴሉን ከሳጥኑ ላይ ገፈፈችው። እንግዳ መጥቷልና ይገለጥ። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። በመጣሁ ቁጥር አስቀድሜ እደውላለሁ፤ በደወልኩ ቁጥር ትገልጠዋለች።

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም፤ በእሷ አልችልም፣ በሳጥኑም አይሆንም። እንባዬ መጣ። ከመቼ ጀምሮ እንደምትሸፍነው ጠየቅኳት። ከጥምቀት በኋላ፣ የጎረቤቱን መሬት በትራክተር ሲያርሱ፣ አቧራው ዓይን አያሳይም ነበር አለችኝ። ፊቴን እያየች ድምጿ ቀነሰ።

"እኔ እኮ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው።"

"አክስቴ፣ የዚህ ዕቃ እንጀራው አቧራ ነው" አልኳት።

ዳንቴሉን በእጇ ገልበጥ አደረገችው። ከውስጥ በኩል፣ የሳጥኑ አፍ ያረፈበት ላይ፣ የብርጭቆ አፍ የሚያህል ክብ ጥቁር ቡኒ ሆኖ ታትሟል። ሌላው ነጭ ነው። ጣቷን አስነካችውና ጣቷን አየችው።

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ቀን አፉን አፍኜው ነበር?"

ተያይዘን ወደ ማሳው ወረድን። ከላይ በኩል ደህና ነው። ከታች፣ ውሃው በሚያርፍበት በኩል፣ ቅጠሎቹ ላይ ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ ወርዷል፤ አንዳንዱ መሃሉ ወይን ጠጅ ሆኖ ቅጠሉ እዚያው ላይ ተሰብሯል። አክስቴ ጎንበስ ብላ አንዱን ቀና አደረገችው፤ መልሶ ተኛ። ደረቷ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

ሽማግሌው አጥሩን ተሻግረው መጡ። "አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ" አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። አክስቴ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ዳንቴሉንም ሰጠቻቸው። እሳቸው ስለ መስመሩና ስለ ብርሃኑ ስነግራቸው ሁልጊዜ ለጨዋነት ያህል ነበር የሚሰሙኝ። ክቡን ግን ወደ ፀሐይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ይህ ነው እኛ ሳንባ ውስጥ የሚገባው ብለው ጠየቁኝ። ይህም፣ ከዚህ የከፋውም አልኳቸው። ዳንቴሉን መለሱላትና ልጃቸውን መርጫ እንዲያዘጋጅ ሊነግሩት ሄዱ። የእሳቸው ማሳ ገና አልተነካም ነበር፤ በዚያው ቀን ተረጨና ዳነ። የእሷንም ረጩላት፤ የእሷ ግን ዘግይቷል።

ለርጭቱ ዘወር ማለት ስላለባት ይዣት አዳማ መጣሁ። መንገዱን ሙሉ ዳንቴሉን በፌስታል ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። ልጠበው ስላት እንቢ አለች። ቢሮ ወስጄ ከክቡ ላይ በንጹሕ ፕላስተር ትንሽ ለጥፌ አነሳሁና በማይክሮስኮፕ አየሁት። የመቂው መስታወት ላይ ያየነው ዘር እዚያው ነበር፤ ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ፣ ብዙ። ዳንቴሉ ሳጥኑ ማየት የነበረበትን አጥምዶ ይዞታል። ለአለቃዬ ሳሳየው ሳቀ፤ ከዚያ የማሳውን ነገር ስነግረው ሳቁ ቆመ።

ሽንኩርቱ ሲነቀል ከግማሹ በላይ ጠፍቷል። የተረፈውም ራሱ አነስተኛ ነው። ልጇ በአይሱዙው መጥቶ ያለውን ጫነ። አየሽ አላላትም። ይህን እመሰክርለታለሁ። እንዲያውም ለወጉ ያህል፣ ከፈለግሽ አንድ ወቅት ደግሞ እንይ አላት። እሷ ግን ሽማግሌ ፊት የተባለ ቃል ቃል ነው አለች። ተከራዩ ከፋሲካ በኋላ ሊገባ ተስማሙ። ቁልፉን ለሽማግሌው ሰጥታ፣ ሁለት ሻንጣና ዳንቴሏን ይዛ አዳማ ገባች። ሳጥኑን እዚያው ተውነው፤ ፕሮጀክቱ አላለቀም።

ልጇ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደጅ የለም። በመጀመሪያው ሳምንት አክስቴ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ጠረገችው። ጎረቤቶች በትሕትና፣ እማማ ለዚህ የተቀጠረች ልጅ አለች፣ እንጀራዋን አይንኩባት አሏት። መጥረጊያውን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ መስኮት ሥር ተቀምጣ ነው የማገኛት። እኔ የማውቃት ሴት መቀመጥ ትችልበት ነበር፤ ይህችኛዋ ግን ነጠላዋን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ትነሳለች፣ ወጥ ቤት ደርሳ ትመለሳለች። እኔን ራሴን አየሁ።

አንድ እሑድ፣ እስቲ የኔ ደጅ እንዴት አደረ፣ አሳይኝ አለችኝ። ስልኬን ሰጠኋት። የዓለም ጤናው መስመር ንጋት ላይ ዝም ብሎ ተኝቷል። ያን ጊዜ የደበቅኩትን ነገርኳት። ወደ ኋላ መልሼ የታኅሣሥን ጠዋት አሳየኋት፤ ይኼ ግቢውን ስትጠርጊ፣ ይኼ ደግሞ የበሩን ፊት፣ መሃል ላይ ያለው ከጎረቤትሽ ከጋሼ ጋር ስታወሪ ነው አልኳት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበችው።

"ስጠርግ ታዪኝ ነበር?"

"በየቀኑ።"

እንደፈራሁት አላፈረችም። ስልኩን መለሰችልኝና ወደ መስኮቱ ዞረች። ያኔ ሸፍኜው ሳለስ አለችኝ። ያኔ ምንም አላየሁም፣ ለዚያ ነው የመጣሁት አልኳት።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት፣ ጎህ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ። ልጇ ነው። ከአዲስ አበባ ጭነት አራግፎ ገና መግባቱ ነው። እናቴ አንቺ ጋ ናት አይደል አለኝ። እኔ ጋ አልነበረችም። ለሚስቱ ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ዘንድ አድራለሁ ብላ ነው የወጣችው፤ እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ። አንዱ ሻንጣዋ የለም፣ ዳንቴሏን ግን አልጋው ላይ አጥፋ ትታዋለች። ስልኳም አይነሳም። ያን የጤና ጣቢያውን ቀን እያሰበ እንደሆነ ገባኝ። ፖሊስ ጋ ልሂድ፣ ሆስፒታል ልዙር ይላል። እኔም ጫማዬን በአንድ እጄ እየፈለግኩ ነበር።

ቆይ አልኩት። ስልኩን ከጆሮዬ አነሳሁና የአየሩን ገጽ ከፈትኩ።

አረንጓዴው ጸጥ ብሏል። ቡናማውም ተኝቷል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከስልኩ ውስጥ ሃሎ ሃሎ ይለኛል። መስመሩ ትንሽ ቀና አለ። ነፋስ ይሆናል አልኩ። ቀና አለ፣ ጉብ አለ፣ ወረደ። ጠበቅኩ። እንደምን አደሩ የሚባባሉበት ያህል ጊዜ አለፈ። ከዚያ ሁለተኛው ጉብታ መውጣት ጀመረ።

"አግኝቻታለሁ" አልኩት።

"የት?"

"ደጇን እየጠረገች ነው።"

ጫማዬን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ የበሩ ፊት ተጠርጎ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቁጭ አልኩ።